ገብስማዋ ያማጠችባቸው ሦስት ቀናት

ሚስቴ አዲስ የወለደችውን ልጃችንን ልታርስ ዱራሜ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት፣ በአደራ የተወችልኝ ገብስማ ዶሮ እህል መብላት አቆመች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ረጋ ብዬ ለማውራት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ እንደተናደድኩ እጽፈዋለሁ።

ይህች ዶሮ የምትታረድ ዶሮ አይደለችም፤ የምትሸጥም አይደለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ገና መጥቶ ሄዷል፣ ፋሲካ መጥቶ ሄዷል፣ መስቀል መጥቶ ሄዷል፤ እሷ ግን ከእንሰቱ ጥላ ሥር እንደ ልቧ ስትጭር ትውላለች። ሚስቴ ጎመን ልትቀነጥስ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ዘላ ጭኗ ላይ ትወጣለች። ሚስቴ የከምባታ ልጅ ናት፣ እኔ የሀዲያ። በቤታችን የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ ዶሮዋን ግን በከምባትኛ ነው የምታናግራት፤ ሁለቱ ወሬ ከያዙ እኔ እንግዳ ነኝ። ዘመዶቻችን በየበዓሉ እየመጡ ይስቁብናል። አንዱ የአጎቴ ልጅ እንዲያውም፣ «ይቺም እንዳንተ ጡረታ ወጥታ ነው?» አለኝ።

አዎ፣ ጡረተኛ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ። ይህን የምናገረው ለጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ኋላ ላይ እንደምታዩት ለሀፍረቴ ነው።

ሚስቴ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋ መኪናው ላይ ተጭኖ፣ ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ!» እያለ ጆሯችንን እያደነቆረን፣ እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ የዶሮዋን ነገር ታስጠናኛለች። ውሃዋን ጠዋት ጠዋት ቀይር። ሳይመሽ አስገባት፣ ሸለምጥማጥ አለ። በቆሎ ብቻ እንዳትሰጣት። የእንቁላሉን ቅርፊት እንዳትጥለው፣ ቆላ አድርገህ ወቅጠህ ከእህሏ ጋር ቀላቅልላት። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኳት። ከዚያ ቤት ገብቼ በቆሎ ብቻ ሰጠኋት። ቅርፊቱንም በየቀኑ እንሰቱ ሥር ወረወርኩት። ሰው እንዴት ቆሻሻ ወቅጦ መልሶ ያበላል ብዬ። የእንቁላል ቅርፊት ከምን እንደሚሠራ፣ ዶሮዋም ያንን ከየት እንደምታመጣው ስንት ዓመት ፈተና ያወጣሁ ሰው ነኝ!

ሰኞ ጠዋት ገብስማዋ ጭራዋን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታ ቆማ አገኘኋት። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ እንቁላል የምትጥልበት ቅርጫት ውስጥ ትገባለች፣ ባዶውን ትታ ትወጣለች። በቆሎውን ዞር ብላም አላየችው። እኔ ምን አልኩ? ናፍቆት ነው አልኩ። ሚስቴ ናፍቃት ነው ብዬ ደመደምኩና ሬዲዮኔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማታ ሚስቴ ደወለች፣ ስለ ልጃችን ነገረችኝ፣ ስለ ሕፃኑ ነገረችኝ፣ መጨረሻ ላይ «ገብስማዬስ?» አለች። «ደህና ናት» አልኳት።

ማክሰኞ ባሰባት። የጎረቤቴ ሚስት በአጥሩ በኩል አይታት ኖሮ ጠራችኝ።

«መምህር፣ ዶሮዋ ደህና አይደለችም። ሳትሞት ባለቤቴን ልላክልዎትና ይባርካት።»

«ምን አልሽ?»

«ከሞተች እኮ አትበላም። ሥጋዋ ይቅርብዎት?»

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። በዚህ ከተማ ላም ስትታመም ሰው እንቅልፍ ያጣል። በግ ስታስል መድኃኒት ቤት ይሮጣል። አህያ እንኳ ጀርባዋ ሲቆስል ቅባት የሚፈልግላት አለ። ዶሮ ከታመመች ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሕክምና አንድ ነው፤ ቢላ። የሚጠይቃትም ሰው ዓይኑ ከአንገቷ አይነሳም። ለሦስት ዓመት እንቁላሏን የበላ ጎረቤት፣ አንድ ቀን ብታዛጋ «ይባርካት» ይላል! ሴትዮዋ ቀጥላ እጇን በአጥሩ ቀዳዳ ሰድዳ «እስቲ ወዲህ ያምጧት ልያት» አለችኝ፤ እኔ ግን የቢላው ነገር አናዶኝ ስለነበር «ምንም አያስፈልግም!» ብዬ ዶሮዋን አቅፌ ገባሁ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የዚያን ቀን ትልቁ ስህተት የኔ ነበር።

ኮቴን ለበስኩ፤ ገብስማዋን የፓስታ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኳት፤ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ወደ ካርቶኑ ዞር ብሎ፣

«ፋዘር፣ ስንት ገዟት?» አለኝ።

«አልገዛኋትም። ታማብኝ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው።»

በመስታወቱ አየኝ። ቀልዴን መሆኑን እርግጠኛ ለመሆን ፊቴን ትንሽ አጠና። «እኔ እኮ እናቴን አሞብኝ ወረፋ ጠብቄ ነው የመጣሁት» አለና ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ግን እስክንደርስ ድረስ ስላላቆመ አበሳጨኝ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንድ በሬ በእንጨት መያዣው ተወጥሮ ቆሟል። ጎኑ የቆሰለ አህያ አለ፤ ሁለት በግ የያዘች ሴት አለች። እኔ በኮትና በካርቶን ተሰልፌያለሁ። ወደ ካርቶኑ ውስጥ የሚያዩት ሁሉ ገብስማዋን ሲያገኙ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ቀጥለው አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ተራዬ ሲደርስ ነጭ ጋወን ለብሶ የወጣው ባለሙያ የራሴ ተማሪ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ።

«መምህር! ምን ሆነው ነው? በግ ነው ያመጡት?»

«ዶሮ ናት።»

«ዶሮ?» ቆሞ ወደ ካርቶኑ ወደ ታች ተመለከተ። ሁለቱም እጆቹ የጋወኑ ኪስ ውስጥ ናቸው። «ታንቀላፋለች አይደል? ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ፈንግል ነው።»

በቃ። ፈንግል የዶሮ ሁሉ ጨራሽ በሽታ መሆኑን ማን ያጣዋል? አንድ ቤት ከገባ ሰፈር ሙሉ ባዶ ያደርጋል። ግን እንደዚህ ነው እንዴ የሚታወቀው? አልነካትም። አፏን አልከፈተም። ክንፏን አላነሳም። እጁ ከኪሱ አልወጣም!

«አንተ ልጅ፣ ምኑን አይተህ ነው ፈንግል ያልከው?»

«መምህር፣ ዶሮ ካንቀላፋች ፈንግል ነው። ይቺን ካፕሱል በውሃ በጥብጠው ይስጧት፤ ባይሆንላት ግን ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሯት፣ ለሌላው እንዳይዛመት።»

«መዝግበኝና በደንብ አይተህ ስጠኝ።»

መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ። ላም አለ፣ በሬ አለ፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ፈረስ፣ በቅሎ አለ። ውሻ እንኳ አለ። ዶሮ የሚባል ዓምድ የለም።

«ዶሮ የምናየው በዘመቻ ጊዜ ነው፣ ክትባት ሲመጣ» አለኝ በትሕትና። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ጨመረበት፦ «ደግሞ የዶሮን ነገር በደንብ የሚያውቁት እናቶች ናቸው፣ መምህር።»

«እናቶች የሚያውቁትን አንተ ሳታውቀው ምን ተምረህ ነው ጋወን የለበስከው?» ብዬ ጮህኩበት። በሬው ሳይቀር ዞር አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ሲያስነጥስ እንኳ መምህሩን ይቅርታ የሚል ጨዋ ልጅ ነበር፤ ጨዋነቱ ግን ለዶሮዬ ምን ጠቀማት?

አንድ ጊዜ ስለ ዶሮ እርባታ ሥልጠና ተሰጥቶ እኔም ተጋብዤ ነበር። አዳራሹ ውስጥ «ሴቶችን በዶሮ እርባታ ተጠቃሚ እናድርግ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከሥሩ የተቀመጥነው በሙሉ ወንዶች ነን። የታሸገ ውሃ ጠጣን፣ ማስታወሻ ደብተር ተሰጠን፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ዶሮ ተናገርን። ከመካከላችን የዶሮ ማደሪያ ጠርጎ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዶሮዎቹን የሚያሳድጉት ሴቶች በዚያ ሰዓት ለኛ ምሳ እየሠሩ ነበር። እኔም ያኔ አጨብጭቤ ወጣሁ።

ከክሊኒኩ ስመለስ ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ቂም አልያዘችብኝም፤ «ምን አሉዎት?» አለችኝ።

እኔ በንዴት እየተቃጠልኩ፣ «ይሄ ደንቆሮ ሳያያት ፈንግል ነው ይለኛል!» አልኩ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሸሸች። «ኧረ በስመ አብ» ብላ ገባች። ዶሮዋን ልያት ያለችው እጅ ከዚያ በኋላ አጥሩን አልነካም።

ረቡዕ ገና ሳይነጋጋ ሰፈራችን በዶሮ ጩኸት ተነሳ። የገበያ ቀን ነው። ከየቤቱ ዶሮ ሲያዝ፣ እግሩ ሲታሰር፣ ቁልቁል ሲንጠለጠል አየሁ። አውራ ዶሮው፣ ቄቡ፣ ሊጥሉ የደረሱት ሁሉ ወደ ገበያ ተወሰዱ። ጎረቤቴም አራቱን እንቁላል ጣዮቿን ይዛ በደጄ አለፈች፤ ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። ፈንግል ነው ብለው አምነዋል፤ ያመኑትን በሽታ ነው እንግዲህ ተሸክመው ሌላው ሰው ቤት ሊሸጡ የሚሮጡት! እሑድ በየጸሎት ቤታችን ስለ ባልንጀራ ፍቅር የምንዘምር ሰዎች ነን እኮ። «ኧረ ፈንግል አይደለም!» እያልኩ በፒጃማ መንገድ ላይ ወጣሁ። ማን ይስማኝ? አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ፣ እኛም ዘንድ ሁልጊዜ ይገባል» ብለውኝ ሦስት ዶሮ አንጠልጥለው ሄዱ። ወሬው የወጣው ከኔ አፍ ነው። ማንን ልውቀስ?

ካፕሱሉን በውሃ በጥብጬ ብሰጣትም ገብስማዋ አልተሻላትም። በሻይ ማንኪያ መንቆሯ ውስጥ ሳንጠባጥብላት ዝም ብላ ታየኛለች። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዛ ቆማ እያለ አንድ ድምፅ አወጣች። የዶሮ ድምፅ አይመስልም ነበር፤ እንደ ማቃሰት ያለ ነው። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት።

«ገብስማዬስ?»

«ደህና ናት» አልኳት፣ ማክሰኞ ማታም እንዳልኳት፣ ለሦስተኛ ጊዜ። የደበቅኳት ብነግራት አራሷን ትታ የመጀመሪያውን መኪና ተሳፍራ እንዳትመጣ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ውሸት ነው። አፍሬ ነው።

«እስቲ ስልኩን አስጠጋላት፣ ድምፄን ትስማ።»

አስጠጋሁላት። ሚስቴ በከምባትኛ አባበለቻት። ገብስማዋ ዓይኗን ገለጠች፣ አንገቷን ዘረጋችና ያንን ድምፅ ደግማ አወጣች። ሚስቴ ማባበሏን አቋረጠች።

«ምን ሆናለች?»

«ፈንግል ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው? እንቁላል ከጣለች ስንት ቀኗ ነው?»

አላውቅም ነበር። የማስበው እሷን ሳይሆን ማን ምን እንዳለኝ ስለነበር፣ ቅርጫቱ ባዶ መሆኑን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

«ጭራዋ ወርዷል? ትቀመጣለች ትነሳለች? ወደ ኋላ ታምጣለች?»

«አዎ። ሁሉንም።»

«ጭራዋን ገልብጠህ በጣትህ ዳስሰሃታል?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልናገር። በኛ አገር ዶሮ ያላት ሴት ሁሉ ጠዋት ዶሮዋን ከማደሪያዋ ስታወጣ ጭራዋን ገለጥ አድርጋ፣ በትንሿ ጣቷ የእንቁላል መውጫዋን ትዳስሳለች። እንቁላል ከደረሰ ታውቀዋለች፤ ዶሮዋ ሰው ግቢ ሄዳ እንዳትጥለው ዘግታባት ትውላለች። ሚስቴ ይህን በየጠዋቱ ፊት ለፊቴ ስታደርገው ኖራለች። እኔ በየጠዋቱ ፊቴን አዙሬያለሁ። ወንድ ይህን አያደርግም። ያደረገ ወንድ ቢገኝ እስኪሞት ድረስ የሚጠራበት ቅጽል ይወጣለታል። የዚያ ልጅ እጅ ለምን ከጋወኑ ኪስ እንዳልወጣ ያኔ ገባኝ። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ዶሮዋን አቅፌ ከተማ ስዞር አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላዋ አላየኋትም። ደግሞ ከማን ነው የተማረው? የመራቢያ አካላትን ምዕራፍ ሳስተምር ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ፣ በፍጥነት ጽፌ፣ «ጥያቄ ከሌላችሁ እንለፍ» እል ነበር። ጥያቄ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ያ ልጅ ከኔ የተማረውን ነው መልሶ የሰጠኝ።

«እንቁላል ነው የያዛት» አለች ሚስቴ። «ጥፍርህን ቁረጥ። በሳሙና ታጠብ። ውሃ አሙቅ፣ ለብ ያለ ይሁን፣ ሕፃን የምታጥብበት ዓይነት።»

ሕፃን አጥቤ አላውቅም፤ ክርኔን ነክሬ ሞከርኩት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ገብስማዋን ሳፋው ውስጥ ሆዷ ድረስ ነከርኳት፤ ትፈራገጣለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ገና ውሃው ሲነካት ሰውነቷን ለቀቀች። ትንሿን ጣቴን ዘይት ቀባሁ። ጣቴ ብዙም ሳይገባ አንድ ጠንካራ ነገር ነካ።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ። «አለ! እንቁላሉ እዚህ ነው!»

«እንዳትጫነው! ውስጧ ከተሰበረ ስለቱ ይቆራርጣታል፣ አትተርፍም። ዙሪያውን ዘይት ቀባላትና ውሃው ውስጥ አቆያት። ሆዷን በእጅህ ደገፍ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ዳብሳት። ማማጡ የሷ ሥራ ነው፣ አንተ አትቸኩል።»

ውሃው ሲቀዘቅዝ ሌላ አሞቅኩ። እንደገና ዘይት ቀባሁ፣ እንደገና ዳበስኩ። ሚስቴ በመሀል አራሷን ልታይ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትደውላለች። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመንገዱ ላይ ሲንጫጩ ተሰማኝ፤ እኔ ገና ሳፋው ሥር ተንበርክኬያለሁ። ሦስተኛው ውሃ ላይ ገብስማዋ ክንፎቿን ዘረጋች፣ አንገቷን ቀና አደረገችና አማጠች። የእንቁላሉ ጫፍ ታየኝ። ነጭ አልነበረም፤ ቅርፊቱ ሸካራ፣ ስስ፣ ደም የነካው ነበር። እንሰቱ ሥር የወረወርኩት ቅርፊት ትዝ አለኝና ራሴን ረገምኩ። ደግማ አማጠች፤ እንቁላሉ እጄ ላይ ወደቀ። ከኋላው ቀይ ሥጋ ትንሽ ተከትሎ ወጣ፤ ደንግጬ ለሚስቴ ነገርኳት። እንደነገረችኝ በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ጣቴን ዘይት ቀብቼ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ትንሽ ያዝኩት፣ ዳግም አልወጣም። ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልዬ ጨለም ያለ ጥግ አስቀመጥኳት። ብዙም ሳትቆይ ራሷን አራገፈች፣ ውሃ ጠጣች።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ስልኩን አንስቼ ጀመርኩ። ነገ ጠዋት ይህን እንቁላል ወስጄ እዚያ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጥለት አልኳት። ፈንግል ይኸውልህ ነው የምለው። መዝገብ ላይ የዶሮ ዓምድ እስኪገባ ድረስ ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ይቺ ጎረቤታችንስ ብትሆን፣ ቢላ ከማምጣት ሌላ ምን ታውቃለች? ሰፈሩስ ብትይ፣ ዶሮውን ሁሉ ለገበያ! ሳያዩ የሚፈርዱ፣ ሳይነኩ የሚያክሙ፣ ሕይወት ያለው ፍጡር እያቃሰተ በሩቁ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች! ብዙ ተናገርኩ። ሚስቴ አላቋረጠችኝም። እንደጨረስኩ መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣

«ይቺ አሁን አጠገቤ የተኛችው ልጅህ ስትወለድ ሁለት ቀን አምጫለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ያኔም አንተ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ቆመህ ሐኪሞቹን ስትሰድብ ነበር። ድምፅህ ይሰማኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ገብተህ አላየኸኝም።»

በዚያን ጊዜ ወንድ አይገባም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ማንም ወንድ አይገባም ነበር። ግን በሩ ላይ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ልግባ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።